ደረሰኝ

«ደረሰኝ» ግስም ነው፣ ስምም ነው። ገንዘቡ እጄ ገባ የሚለው ቃል ራሱ ወረቀት ሆኖ፣ ማኅተም ተመቶበት ይሰጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ሥራ ጨምራለታለች፤ «ለእህቴ ደረሳት» ሲባል ምኑ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነዋ!

ግሱና ስሙ ሁልጊዜ አይገጥሙም። በ1997 ተመዝግቦ በየወሩ የቆጠበ ሰው የባንክ ደረሰኙ መሳቢያ ሙሉ ሆኖም «ደረሰኝ» ሳይል ዓመታት አለፉበት። በሐምሌ 2014 ደግሞ ተቃራኒው ታየ፤ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ ዕጣው ውስጥ ገብቶ በመገኘቱ የ25,491 ቤቶች ዕጣ ተሰረዘ። ስሙ የሌላቸው ግሱን ሊወስዱት ነበር ማለት ነው።

የከተማው ምክር ቤት «ክትትል» የሚለውም እዚህ ላይ ይፈተናል። ዕጣ በወጣ ዕለት አዳራሽ ተገኝቶ ማጨብጨብ (ጭብጨባ መቼም ሞልቶናል) ክትትል አይባልም። የቆጣቢውን ዝርዝር ከባንኩ መዝገብ ጋር የሚያመሳክር፣ ዕጣውን የሚያወጣውን ሶፍትዌር ከፍቶ የሚመረምር ባለሙያ ይፈልጋል። ያ ባለሙያ ደግሞ ዝርዝሩን ካዘጋጀው ቢሮ ደመወዝ የማይቀበል መሆን አለበት፤ ማመሳከሩም ከዕጣው በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።