ኃይል ቆጣቢ የኤሌክትሪክ ማብሰያዎች በጋምቤላ የተቋማትና የንግድ ወጥ ቤቶች ያላቸው የወጪ ጠቀሜታ

በጋምቤላ ሕዝቦች ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ርዕሰ ከተማ ጋምቤላ የሚገኙ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶች፣ የሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲ ወጥ ቤቶች በየዕለቱ ለበርካታ ሰዎች ምግብ ያዘጋጃሉ። እነዚህ ወጥ ቤቶች ለማገዶ፣ ለከሰልና ለኤሌክትሪክ የሚያወጡት ገንዘብ ከሥራ ማስኬጃ በጀታቸው የማይናቅ ድርሻ ይይዛል። በመሆኑም የማብሰያ መሣሪያ ምርጫና አጠቃቀም የወጥ ቤት ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በጀት የሚያጸድቁና ግዥ የሚፈጽሙ ኃላፊዎችም ጉዳይ ነው።

የክልሉ ልዩ ሁኔታ

ጋምቤላ ከተማ ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ በባሮ ወንዝ ዳርቻ የምትገኝ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 500 ሜትር ያህል ነው። በበጋው ወራት መጨረሻ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በዚህ አየር ጠባይ ከምድጃ የሚባክን ሙቀት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። በመጀመሪያ ለባከነው ኃይል ይከፈላል፤ ቀጥሎም ማራገቢያውና ማቀዝቀዣው ያንኑ ሙቀት ለመቋቋም ተጨማሪ ኃይል ይወስዳሉ።

በሌላ በኩል የከተማዋ ዝቅተኛ ከፍታ ለአብሳዮች ጥቅም አለው። በአዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ሲፈላ በጋምቤላ በ98 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በዚህም ምክንያት ባቄላ፣ በቆሎና ሥጋ በጋምቤላ በአጭር ጊዜ ይበስላሉ። ከደጋው አካባቢ የተወሰደን የማብሰያ ሰዓት ሳያሻሽሉ በጋምቤላ መጠቀም ኃይልን በከንቱ ማባከን ይሆናል።

ክልሉ በደን ሀብቱ የታወቀ ነው። የመዠንግር ደን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ከዚሁ ጋር ክልሉ ከደቡብ ሱዳን የመጡ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ስደተኞችን የሚያስተናግድ በመሆኑ በማገዶ ላይ ያለው ጫና ከፍተኛ ነው። ትላልቅ ወጥ ቤቶች ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞሩ ይህን ጫና በማቃለል ረገድ የበኩላቸውን አስተዋጽኦ ያበረክታሉ።

ማገዶን፣ ከሰልንና ኤሌክትሪክን ማነጻጸር

የአንድ ማብሰያ ዋጋ የሚለካው በሚገዛው ኃይል ብቻ ሳይሆን ወደ ድስቱ በሚገባው ሙቀት ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድ እንጨት ሙቀት ድስቱ ጋ የሚደርሰው አንድ አሥረኛ ያህሉ ነው። በከሰል ምድጃ ድርሻው ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ይሆናል። በተለመደው የኤሌክትሪክ ምድጃ ከ60 እስከ 70 በመቶ፣ በኢንዳክሽን ምድጃ ደግሞ 85 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

ከዚህ በመነሣት ለበጀት ሥራ የሚያገለግል ቀላል መለኪያ ማግኘት ይቻላል። አንድ ኪሎ ግራም ከሰል የሚሠራውን ሥራ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይሠራዋል። አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት በጉልቻ ላይ የሚሠራውን ደግሞ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሸፍነዋል። የተቋሙ የሒሳብ ክፍል የከሰሉን የገበያ ዋጋ በኤሌክትሪክ ሒሳብ መጠየቂያው ላይ ከሰፈረው የኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ጋር በዚህ መለኪያ ቢያነጻጽር የትኛው እንደሚያዋጣ ወዲያውኑ ይታወቃል።

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲሻሻል በመደረጉ ስሌቱን በየጊዜው ማደስ ያስፈልጋል። ታሪፉ ባደገ ቁጥር ኃይል ቆጣቢ መሣሪያ የሚያስገኘው ቁጠባም አብሮ ያድጋል።

የእንጀራ ምጣድ

በኢትዮጵያ ወጥ ቤቶች ከፍተኛ ኃይል ከሚወስዱት መሣሪያዎች ቀዳሚው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አንድ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ሙቀቱ የሚመነጨው ከሸክላው ሥር በተቀበረው ሬዚስታንስ ሲሆን፣ ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ የሚያስተላልፍ በመሆኑ ምጣዱ እስኪግል ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በዚህ ጊዜ ውስጥ ብቻ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠቀማል።

በቀን ሁለት ጊዜ ከመጋገር ይልቅ በአንድ ጊዜ አከታትሎ መጋገር የአንዱን ማሟሟቂያ ያስቀራል። ይህ በዓመት 300 የሥራ ቀናት ሲሰላ ለአንድ ምጣድ ከ260 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ቁጠባ ይሆናል። አምስት ምጣድ ያለው ወጥ ቤት ከ1 ሺሕ 300 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያተርፋል፤ ለዚህ ቁጠባ አንድም አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም። የመጨረሻዎቹን ጥቂት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በቀረው ግለት መጋገርም የተለመደ የቁጠባ ዘዴ ነው።

አዲስ ምጣድ ሲገዛ ሦስት ነጥቦችን ማየት ይገባል። የሸክላው ውፍረት ከመጠን ያላለፈ፣ ከሥሩ ሙቀት እንዳያመልጥ የሚከለክል ሽፋን ያለው፣ ክዳኑም በደንብ የሚገጥም መሆን ይኖርበታል።

ወጥ፣ ሻይና ገንፎ

ሃምሳ ሊትር ውኃ ከ28 ዲግሪ እስከ መፍያው ለማድረስ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ይህን በ60 በመቶ ብቃት የሚሠራ ምድጃ በ6.8 ኪሎዋት ሰዓት፣ ኢንዳክሽን ምድጃ ደግሞ በ4.8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጽሙታል። ልዩነቱ በቀን 2፣ በ300 ቀናት 600 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

ይሁን እንጂ ኢንዳክሽን ምድጃ የሚሠራው ማግኔት በሚስበው ድስት ብቻ ነው። በብዙ ወጥ ቤቶች የሚገኙት የአሉሚኒየም ድስቶችና የሸክላ ዕቃዎች አያገለግሉም። ስለሆነም ግዥ ከመፈጸሙ በፊት ያሉትን ድስቶች በትንሽ ማግኔት መፈተሽና የአዳዲስ ድስቶችን ዋጋ በወጪው ውስጥ ማካተት ይገባል። ይህ ሳይደረግ የተገዛ ምድጃ በመጋዘን ተቀምጦ የሚቀርበት አጋጣሚ ይኖራል።

ከመሣሪያው እኩል አስፈላጊ የሆነው ክዳን ነው። አንድ ሊትር ውኃ በእንፋሎት መልክ ሲጠፋ 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይዞ ይሄዳል። ይህም ያንኑ ውኃ ለማፍላት ከፈጀው ኃይል ከሰባት እጥፍ ይበልጣል። ክዳን በሌለው ድስት በቀን 5 ሊትር በእንፋሎት የሚያጣ ወጥ ቤት በዓመት ከ900 ኪሎዋት ሰዓት በላይ በአየር ላይ ይበትናል። ድስቱ ከፈላ በኋላ ኃይሉን ዝቅ ማድረግም ተመሳሳይ ጠቀሜታ አለው፤ በኃይል የሚንተከተክ ውኃ ለስለስ ብሎ ከሚፈላው አይሞቅምና።

ረጅም ጊዜ የሚፈጁ ባቄላ፣ ሽምብራና ሥጋን በኤሌክትሪክ ባለ ግፊት ድስት ማብሰል የማብሰያውን ጊዜ በእጅጉ ያሳጥራል።

የመስመርና የአቅርቦት ጥንቃቄ

ጋምቤላ ከተማ ከብሔራዊ የኤሌክትሪክ ቋት ጋር በመቱ በኩል በሚመጣ መስመር የተገናኘች ናት። በስርጭት መስመር ጫፍ ላይ የሚገኙ ተጠቃሚዎች ቮልቴጅ ሲወርድ ምድጃቸው ይዳከማል። 220 ቮልት ያስፈልገው የነበረ ምጣድ 190 ቮልት ሲደርሰው ከተመደበለት ኃይል ሦስት አራተኛውን ብቻ ያገኛል። መጋገሩ ይዘገያል፤ በተራዘመው ጊዜ የሚባክነው ሙቀትም ይጨምራል። ስለዚህ ምጣዶችን ከፍተኛ ጭነት ባለበት የምሽት ሰዓት ሳይሆን በማለዳ መጠቀም ይመረጣል።

ሁለት ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣዶች በአንድ መስመር ሲሠሩ 32 አምፔር ያህል ይስባሉ። ገመዱ፣ ሶኬቱና ፊውዙ ይህን የሚሸከሙ መሆናቸው በባለሙያ መረጋገጥ አለበት። የሚግል ሶኬት ኃይል ያባክናል፤ ለእሳት አደጋም ያጋልጣል።

መብራት ሲቋረጥ በናፍጣ ጄኔሬተር ማብሰል አያዋጣም። አነስተኛ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ የሚያመነጨው 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ለመጠባበቂያ እንደ ምርጥ ምድጃ ያለ የተሻሻለ የማገዶ ምድጃ ማስቀመጥ ይሻላል።

የሕግ ማዕቀፍና የግዥ ውሳኔ

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ብቃትና ቁጠባን የሕግ መሠረት አስይዟል። በአዋጁ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ተግባር በኋላ ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተሸጋግሯል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5 ሺሕ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው መሆኑ በኤሌክትሪክ ለማብሰል ምቹ ሁኔታ ይፈጥራል። ያም ሆኖ በማመንጫው የተገኘው ኃይል በወጥ ቤቱ ከባከነ ለተጠቃሚውም ሆነ ለአገር የሚሰጠው ጥቅም ይቀንሳል።

አንድ መሥሪያ ቤት ከግዥ በፊት የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢከተል ውሳኔው የተሟላ ይሆናል። በቅድሚያ ለአንድ ወር የማገዶ፣ የከሰልና የቆጣሪ ንባብ ይመዘገባል። በመቀጠል ወጪ የማይጠይቁት እርምጃዎች፣ ማለትም ክዳን፣ አከታትሎ መጋገርና የሰዓት ለውጥ፣ በሥራ ላይ ይውላሉ። ከዚያም በአዲሱ መሣሪያ በዓመት የሚቆጠበው ኪሎዋት ሰዓት በታሪፉ ይባዛል፤ የመሣሪያው፣ የድስቶቹና የመስመር ዝርጋታው ዋጋ ተደምሮ ለዚህ ውጤት ሲካፈል ወጪው በስንት ዓመት እንደሚመለስ ይታወቃል። የግዥ ሰነዱም ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመሣሪያውን የኃይል ፍጆታ፣ የመለዋወጫ አቅርቦትና ዋስትና በግልጽ ሊጠይቅ ይገባል።

ከገንዘቡ ባሻገር ጭስ የሌለበትና ሙቀቱ የቀነሰ ወጥ ቤት ቀኑን ሙሉ በምድጃ ዙሪያ የሚውሉትን ሠራተኞች፣ በአብዛኛው ሴቶችን፣ ዓይንና ሳንባ ይጠብቃል። ይህም በቆጣሪ ባይነበብም በውሳኔው ውስጥ ሊታሰብ የሚገባው ጥቅም ነው።