ስንጥርና ፋሻ፦ የተሰበረ እግር ታሪክ ከወጌሻ ደጅ እስከ ካቤቴ

ናይሮቢ ሳይነጋ የሚነሱ ሠራተኞች አሏት። በካዋንግዋሬና በዳጎሬቲ መንገዶች የውኃ ጄሪካን የተደረደረበትን ጋሪ እየጎተቱ የሚያልፉት አህዮች፣ በስዋሂሊ «ፑንዳ» የሚባሉት፣ ከተማይቱ ሻይዋን ከማፍላቷ በፊት የቀኑን ሥራ ግማሹን ጨርሰዋል። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት ቦታ ወይም ከማታቱ ጋር በሚጋፉበት ጠባብ መታጠፊያ ከእነዚህ የአንዱ እግር ሲሰበር፣ በዙሪያው የሚሰበሰበው ሰው የሚያነሣው ጥያቄ ሰው እንስሳን ካለመደበት ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው፦ ይታሰርለት ወይስ ይገላገል?

መልሱ በየዘመኑ የተለያየው በሕክምናው ጥበብ ምክንያት ብቻ አይደለም። እንስሳው የማን እንደሆነ፣ ባለቤቱ ምን ያህል ዋጋ እንደሚሰጠው፣ አጥንቱ እስኪገጥም የሚጠብቅ ጊዜ መኖር አለመኖሩም ወስኖታል። የናይሮቢ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል፤ ከኢትዮጵያም ጋር የሚያገናኘው መንገድ አለው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስብራት ሲነሣ አማርኛ ተናጋሪ በቅድሚያ ትዝ የሚለው ወጌሻ ነው። ወጌሻ በዲፕሎማው ሳይሆን በእጁ የሚታወቅ ሰው ሲሆን፣ ሙያውን አብዛኛውን ጊዜ ከአባቱ ወይም ከቅርብ ዘመዱ ይወርሳል። ቆዳውን በቅቤ አለስልሶ ስብራቱን በጣቶቹ ይዳስሳል፤ የተጣመመውን ስቦ ያቃናል፤ ከዚያም ከቀርከሃ ወይም ከሸምበቆ የተሰነጠቁ ስንጥሮችን በእግሩ ዙሪያ ደርድሮ በጨርቅ ያስራል። በገጠር ይኸው እጅ ዛሬ የልጅ ክንድ፣ ነገ የጥጃ ቅልጥም ይጠግናል። አጥንት በሰውም በከብትም ላይ የሚገጥመው በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሆነ፣ ለወጌሻው ሁለት ሙያ አላስፈለገውም።

ይህ ማለት ግን ጥበቡ እንከን የለውም ማለት አይደለም። የተሰበረ አካል ያብጣል፤ ሲያብጥ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ትናንት ልክ የነበረው እስራት ዛሬ ደም ሥሩን አንቆ ይይዛል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከጠበቀ የወጌሻ እስራት በኋላ በጋንግሪን ምክንያት የተቆረጡ እጆችና እግሮች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበው ይገኛሉ። ሰው ቢያንስ «ጠበቀብኝ» ብሎ ይጮኻል። እንስሳ ይህን ማለት ስለማይችል፣ ጠባቂው ራሱ ማየት ይኖርበታል፦ ከእስራቱ በታች ያለው ክፍል ቀዝቅዞ እንደሆነ፣ አብጦ እንደሆነ፣ መጥፎ ጠረን አምጥቶ እንደሆነ፣ እንስሳው ፋሻውን በጥርሱ መጎተት ጀምሮ እንደሆነ።

ሰውንና ከብትን በአንድ እጅ ማከም የኢትዮጵያ ብቻ ልማድ አይደለም። በደቡብ ሱዳን ዲንካዎች ዘንድ «አቴት» የሚባለው ባለሙያ አጥንት ይጠግናል፣ ያዋልዳል፣ ከብትም ያክማል። «አንድ ሕክምና» የሚለውን ሐሳብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ካልቪን ሽዋቤ የዲንካን ባለሙያዎች ያጠናው በዚህ ምክንያት ነበር። ሽዋቤ እንደ አዲስ ሐሳብ ለዩኒቨርሲቲዎች ያቀረበውን ነገር፣ አርብቶ አደሩ ስም ሳያወጣለት ሲሠራበት ኖሯል።

የዘመናዊው ሕክምና የአጥንት ጥገናም ቢሆን የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ወጌሻ ቤት ይደርሳል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከዌልስ ጠረፍ ወጣ ብላ በምትገኘው በአንግልሲ ደሴት አጠገብ መርከብ ይሰበርና አንድ ልጅ ይተርፋል። ከየት እንደመጣ ያልታወቀው ይህ ልጅ በደሴቱ ሰዎች እጅ አድጎ፣ መጀመሪያ የእንስሳትን፣ በኋላም የሰዎችን አጥንት በመጠገን ስም እንዳወጣ ይተረካል። ዘሮቹ ሙያውን ወረሱ። ከእነርሱ አንዱ በሊቨርፑል ሲሠራ የተማሩት ሐኪሞች ደጋግመው ስለከሰሱት ልጆቹን ሕክምና ትምህርት ቤት አስገባ። ከልጆቹ ሂዩ ኦወን ቶማስ (1834–1891) እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የብረት ድጋፍ ሠራ፤ የሂዩ ሚስት የወንድም ልጅ የነበረው ሮበርት ጆንስ (1857–1933) ደግሞ ያንን ድጋፍ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የታፋ አጥንታቸው ለተሰበረ ወታደሮች አዳረሰ። ወፍራም ጥጥ በብዙ ንብርብር ጠቅልሎ በእኩል ጫና የሚያስረው ፋሻም በጆንስ ስም ይጠራል። ዛሬ በእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ውሻና ጥጃ፣ አህያና ፈረስ የሚታሰሩበት ፋሻ ይኸው ነው። የመርከብ ስብርባሪ የጣለው ልጅ ጥበብ በሰው ሆስፒታል ዞሮ ወደ ጋጣ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ዝውውሩ በዚህ አላበቃም። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ኦቶ ስታደር፣ ውሾች ጀሶውንም ስንጥሩንም እየበጣጠሱ ሲያስቸግሩት፣ በቆዳ አልፎ አጥንቱን በብረት ዘንግ ከውጭ የሚይዝ መሣሪያ ፈለሰፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለመርከበኞቹ ተጠቀመበት። ለውሻ የተሠራው ለሰው ዋለ።

ወደ ናይሮቢ እንመለስ። ከተማይቱ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሰፈር ሆና ስትቆረቆር፣ ከሐዲዱ ወዲያና ወዲህ ያለው ጭነት ሁሉ በበሬ፣ በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ላይ ነበር። ፈረስና በቅሎ ከሚመጣባቸው አቅጣጫዎች አንዱ ሰሜን ነው። በ1900ዎቹ ማብቂያ ላይ በጃክ ሪዴል የተቋቋመው ቦማ ትሬዲንግ ካምፓኒ በማርሳቢትና በሞያሌ መስመር ከኢትዮጵያ ጋር ይነግድ ነበር፤ ወደ ደቡብ ከሚያወርዳቸው መካከልም የኢትዮጵያ ፈረሶችና በቅሎዎች ይገኙበታል። ከዲዳ ገልገሉ ድንጋያማ ሜዳ እስከ ካይሱት በረሃ ያለውን መንገድ ዛሬ በአውቶቡስ አቋርጦ ናይሮቢ የገባ ኢትዮጵያዊ፣ ያንን ጉዞ በአራት ሰኮና ማሰብ አይከብደውም። በዚያ መንገድ ላይ እግሩ የተሰበረ በቅሎ ዕጣው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ያደገ የጋማ ከብት አጥንት ለመግጠም ወራት ይፈልጋል፤ ነጋዴው ግን ከአንዱ የውኃ ጉድጓድ እስከሚቀጥለው ያለውን ቀን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

በ1914 የተነሣው ጦርነት ይህን ስሌት በብዙ ሺሕ አባዛው። የእንግሊዝ ጦር በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ሲዘምት፣ በ1916 ብቻ በቆላ ዝንብ በሚመጣው የገንዲ በሽታ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ፈረሶች፣ በቅሎዎችና በሬዎች አለቁ። እንስሳቱ ሲያልቁ ጭነቱ ወደ አፍሪካውያን ተሸካሚዎች ተዛወረ፤ ከኢስሊ ብዙም የማይርቀው ካሪዮኮር ስሙን ያገኘው ከዚያ የተሸካሚዎች ጓድ እንግሊዝኛ መጠሪያ ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን ለአንድ እግር ፋሻ የሚቆርጥ አልነበረም።

ከጦርነቱ ቀደም ብሎ፣ በ1910፣ ናይሮቢ አጠገብ ሁለት ነገሮች ተጀምረው ነበር። አንደኛው የካቤቴ የእንስሳት ሕክምና ላቦራቶሪ ነው። ሁለተኛው እንስሳትን ከጭካኔ ለመጠበቅ የተመሠረተው፣ ዛሬ በኬንያ ስም የሚጠራው ማኅበር። ሁለቱ የተመለከቱት ወደተለያየ አቅጣጫ ነበር። ካቤቴ መንጋን ነበር የሚያየው። ይህም አያስገርምም፤ ከ1888 ጀምሮ በምጽዋ በኩል ገብቶ በኢትዮጵያ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረኃብ ያስከተለው የከብት ደስታ በሽታ የኬንያንም አርብቶ አደሮች አራቁቶ ነበር። የዚህ በሽታ ፍጻሜም ከናይሮቢ ብዙ በማይርቅ ቦታ ተጠነሰሰ፦ ዋልተር ፕላውራይት በሙጉጋ ያዘጋጀው ክትባት በሽታው በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ እስኪታወጅ ድረስ ዋናው መሣሪያ ሆነ። መንግሥታት ለወረርሽኝ ገንዘብ ያወጣሉ፤ ለአንድ ጥጃ ቅልጥም ግን አያወጡም። የተሰበረ እግር በመላው ምሥራቅ አፍሪካ በወጌሻና በአርብቶ አደር ባለሙያ እጅ የቆየበት ዋናው ምክንያት ኋላ ቀርነት ሳይሆን ይህ ይመስላል። ስብራት አይተላለፍም፤ ማንንም አያስፈራም።

ካቤቴ ላይ በ1962 የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም፣ በኢትዮጵያም በ1979 በደብረ ዘይት ተመሳሳይ ፋኩልቲ ሲከፈት፣ ቀዶ ሕክምናና የአጥንት ጥገና በሥርዓት የሚሰጡ ትምህርቶች ሆኑ። ተማሪው መጀመሪያ የሚማረው ሕግ ለወጌሻ እንግዳ አይደለም፦ ከስብራቱ በላይ ያለውም ከስብራቱ በታች ያለውም መገጣጠሚያ እንዳይንቀሳቀስ ሆኖ መታሰር አለበት። በስብራቱ ላይ የሚያበቃ ስንጥር ከሚጠቅመው የሚጎዳው ይበልጣል፤ ክብደቱ እንደ መወርወሪያ ተንጠልጥሎ የተሰበረውን ጫፍ በቆዳ በኩል ያወጣዋል። ለዚህ ነው የታፋና የላይኛው ክንድ አጥንት በውጭ እስራት የማይጠገነው፤ ከበላያቸው ያለውን መገጣጠሚያ ፋሻ አይደርስበትም።

ፈረስ በዚህ ሁሉ የከፋ ታማሚ ነው። አምስት መቶ ኪሎ ግድም ይመዝናል፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚያርፈው በፊት እግሮቹ ላይ ነው፤ ከጉልበቱ በታች አጥንቱን የሚሸፍን ሥጋ የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያም በላይ ቆሞ መዳን አለበት። የተሰበረውን ሲያሳርፍ ጤነኛው እግር ድርብ ሸክም ይሸከምና ሰኮናው ውስጥ ይቆጣል። በ2006 የኬንታኪ ደርቢን ያሸነፈው ባርባሮ በሁለት ሳምንት ልዩነት በሌላ ውድድር ላይ የኋላ እግሩ ተሰበረ፤ በብረትና በብሎን ተጠገነ፤ ገንዘብም ጥበብም አልጎደለበትም፤ ነገር ግን በጥር 2007 በሰኮናው ሕመም ሳቢያ እንዲሞት ተደረገ። ከ1954 ጀምሮ በንጎንግ መንገድ ፈረስ የሚጋለብበት የናይሮቢ ሜዳም ከዚህ የተፈጥሮ ሕግ አያመልጥም። ከብት ግን ሌላ ነው። ተኝቶ ማመንዠክ ያውቅበታል፤ የጥጃ ቅልጥም በደንብ ከታሰረ በአንድ ወር ገደማ ይገጥማል። ፍየልም እንዲሁ። አህያ ከፈረስ ቀለል ስለሚልና ጠባዩም ረጋ ያለ ስለሆነ፣ የታችኛው እግሩ ስብራት ቆዳ ካልቀደደ ተስፋ አለው።

ተስፋው ግን በዋጋው ይለካል። በኢትዮጵያ የጦር ፈረስ ክብሩ ለጌታው ስም እስከመስጠት ደርሷል፤ ምኒልክ «አባ ዳኘው» የተባሉት በፈረሳቸው ነው። በአህያው ስም የተጠራ መኳንንት የለም። በኬንያ ከ2016 ጀምሮ ለቻይና ገበያ ቆዳ የሚያቀርቡ የአህያ ቄራዎች ሲከፈቱ ነገሩ ከፋ፤ የአህያ ስርቆት በዛ፤ እግሩ የተሰበረውም ጤነኛውም በቆዳው አንድ ዋጋ ሲያወጣ፣ ወራት ቀልቦ አስሮ የሚጠብቅ ባለቤት ምን ምክንያት ይኖረዋል? መንግሥት በ2020 ንግዱን አገደ፤ በ2021 ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረ፤ በየካቲት 2024 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ እንዲቆም ወሰኑ። በቢሾፍቱ የተከፈተው ቄራ ደግሞ አስቀድሞ በ2017 ተዘግቷል።

አህያው እንዲድን የፈለገ ባለቤት ሐኪም ሲያገኝ፣ የሚደረገው ከወጌሻው ሥራ እምብዛም አይርቅም። እንስሳው በመርፌ እንዲደነዝዝ ይደረጋል፤ እግሩ በወፍራም ጥጥ ይጠቀለላል፤ በየንብርብሩ ፋሻ ይጠብቃል። በላዩ ላይ የሚደረገው ስንጥር ከውጭ አገር የሚመጣ መሆን የለበትም። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ነው፤ ቁመቱ በእግሩ ልክ ተቆርጦ፣ በመጋዝ ለሁለት ይሰነጠቅና ጠርዙ እንዳይቆርጥ በጥጥ ይሸፈናል። ጭቃ እንዳይገባበት የታችኛው ጫፍ በላስቲክ ይታሰራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የባለቤቱ ነው፦ ደረቅ ማደሪያ፣ ውኃና ድርቆሽ ቅርብ ማድረግ፣ ጧትና ማታ እግሩን ማሽተት፣ ጋሪውንም ግድግዳ አስደግፎ ማቆየት።