አሜሪካ እግር ኳስን ወደደች ወይ?



እኛ የታክሲ ሾፌሮች በኤርፖርቱ ተራ ስንጠብቅ ክርክር አናጣም። ለጤናችን ስንል ከፖለቲካው ራቅ ያልን ቀን የምንወድቀው ኳስ ላይ ነው። በቅርቡ በዕድሜ የሚበልጡን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ «አሜሪካ እግር ኳስ አትወድም፤ ወደፊትም አትወድም። የሚያየው መጤው ነው» ብለው ደመደሙ። አንድ ወጣት ሾፌር ደግሞ ጢም ብሎ የሞላውን የከተማችንን ስታዲየም በስልኩ እያሳየ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?» አላቸው። በዚህ መሐል ተራ ደረሰና ሁለቱም መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። ክርክሩ ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነበርኩ። ጠመኔውን ካስቀመጥኩ ዓመታት ቢያልፉም ልማዱ አልለቀቀኝም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እስቲ ጥያቄውን ከሥሩ እንየው። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ እግር ኳስ አሜሪካ የገባው ትናንት አይደለም። በ1921 በምሥራቁ ጠረፍ የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ የሚባል፣ ለተጫዋቾቹ ደመወዝ የሚከፍል ሊግ ተቋቁሞ ነበር። የፔንሲልቬንያው ቤተልሔም ስቲል የብረት ፋብሪካ ቡድን ነበር። የማሳቹሴትሱ ፎል ሪቨር ደግሞ ከጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ከተማ የወጣ ነው። ከተጫዋቹም ከተመልካቹም ብዙው ከስኮትላንድ፣ ከእንግሊዝና ከአየርላንድ እንጀራ ፍለጋ የመጣ ስደተኛ ነበር። ሜይ 1 ቀን 1926 ሃኮዋ ቪየና የተባለው የአይሁዶች ቡድን ከኦስትሪያ መጥቶ ኒው ዮርክ ላይ ሲጫወት 46 ሺህ ሰው ገባ። በ1930 በኡራጓይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ አሜሪካ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። በዓለም ዋንጫ ታሪክ በአንድ ጨዋታ ሦስት ግብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስቆጠረውም በርት ፓተኖድ የተባለ የፎል ሪቨር ልጅ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ የት ደረሰ? ሊጉ በሹማምንት ጠብና በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተመትቶ በ1933 ፈረሰ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ምክንያት ነው። በ1924 በወጣው ሕግ የስደተኛው በር ጠበበ፤ አዲስ መጤ ቀነሰ። እዚሁ የተወለደው ልጅ ደግሞ እንደ እኩዮቹ ለመሆን የቤዝቦል ዱላ ያዘ። አባትየው በኳሱ ሜዳ ዳር ብቻውን ቀረ ማለት ነው። ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በ1950 በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ አሜሪካ እንግሊዝን ቤሎ ኦሪዞንቴ ላይ 1 ለ 0 አሸነፈች። ግቧን ያገባው ጆ ጌትጀንስ የሚባል የሃይቲ ተወላጅ ነበር። ኒው ዮርክ የመጣው ለትምህርት ሲሆን ኑሮውን የሚደጉመው በምግብ ቤት ሳህን በማጠብ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ዜጋ እንኳ አልነበረም። ኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ሲኖር በ1964 የዱቫልየር መንግሥት ታጣቂዎች ወሰዱት፤ እንደወጣ ቀረ። ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ስሰማ ለእኔ የባዕድ ታሪክ አልመሰለኝም። ሳህን ያጠበም፣ ዘመዱ ተወስዶ የቀረበትም በመካከላችን አለና።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ሳውንደርስ የሚባለው ቡድን መጀመሪያ የተቋቋመው በ1974 ነው። ኤፕሪል 9 ቀን 1976 ኪንግዶም የተባለው ጣሪያ ያለው ታላቅ ስታዲየም በስፖርት ጨዋታ ሲመረቅ፣ የመጀመሪያው ግጥሚያ ቤዝቦልም የአሜሪካ ፉትቦልም አልነበረም፤ እግር ኳስ ነበር። ፔሌ ከኒው ዮርኩ ኮስሞስ ጋር መጥቶ 58,128 ሰው ተመለከተው። ኮስሞስ 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ሁለቱን ያገባው ፔሌ ነው። በማግሥቱ ዓመት ሁለቱ ቡድኖች ለሊጉ ዋንጫ ፖርትላንድ ላይ ተገናኝተው ኮስሞስ 2 ለ 1 ረታ። ያ ለፔሌ የመጨረሻው የሊግ ውድድር ጨዋታ ሆነ።

በዚያ ዘመን የነበረ ሰው «አሜሪካ እግር ኳስን ወደደች» ቢል ማን ይፈርድበታል? ግን የሊጉ ባለቤቶች ቸኮሉ። ቡድኖቹን 24 አደረሷቸው፤ ዕድሜያቸው ለገፋ ዝነኞች ገንዘብ በተኑ። ኤቢሲ ቴሌቪዥንም ተመልካች ሲያጣ ከ1980 በኋላ ተወው። ሳውንደርስ በ1980 በአማካይ ከ24 ሺህ በላይ ሰው ይገባለት ነበር፤ በ1983 ወደ 8 ሺህ ገደማ ወርዶ በዚያው ዓመት ተዘጋ። ሊጉም በ1984 የመጨረሻ ጨዋታውን አድርጎ ፈረሰ። በዝነኛ ስም የመጣ ሕዝብ ዝነኛው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ ሚሊዮኖች የፈሰሱበት ሊግ በሞተበት በዚያው በ1984 የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ተወለደ። መሥራቾቹ ፔሌን የሚያስመጡበት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ማሊያ፣ የጁላይ አራት ዕረፍትና የአገር ናፍቆት ነው። ያ ውድድር ግን ከከተማ ከተማ እየዞረ ኖረ፤ በ2017 እኛው ዘንድ መጥቶ በሬንተን ስታዲየም ክትፎ፣ ቡና፣ ሙዚቃና ኳስ አንድ ላይ አሳልፈናል። የባለሀብቶቹ ሊግ የሞተበትን ዓመት የስደተኞቹ ውድድር እንዴት አለፈው? ሰው የሚመጣው የገዛ ወገኑን ለማየት ስለነበር፣ ልጆቹንም ይዞ ስለሚመጣ ነው እላለሁ።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ የዓለም ዋንጫ አሜሪካ መጣ። እኔ ያኔ አገር ቤት ልጅ ነበርኩ፤ የባጆን ፍጹም ቅጣት ምት በጎረቤት ቴሌቪዥን አይቼ ያዘንኩት ትዝ ይለኛል። በ52 ጨዋታዎች ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ስታዲየም ገባ። በ1996 በ10 ቡድኖች አዲሱ ሊግ ሲጀመር ግን ሲያትል አልነበረችበትም፤ ለኳስ የሚመች ስታዲየም ይጎድላት ነበር። በጁን 1997 የዋሽንግተን ግዛት ሕዝብ ለአዲስ ስታዲየም ድምፅ ሰጠ፤ ሐሳቡ ያለፈው በ51 ከመቶ ብቻ ነው። ፉትቦሉ ብቻውን ባልተሻገረ ነበር፤ ልጆቻቸውን በየቅዳሜው ኳስ ሜዳ የሚያመላልሱ ወላጆች ድምፅ ከወሳኞቹ አንዱ ሆነ። ኪንግዶም በ2000 በፈንጂ ፈረሰ፤ አዲሱ ስታዲየም በ2002 ተከፈተ።

ሳውንደርስ በ2009 ወደ ታላቁ ሊግ ሲገባ ባለቤቶቹ አዲስ ስም ሊያወጡለት አስበው ነበር። ደጋፊው ግን ከምርጫው ውስጥ ያልነበረውን የድሮ ስም በራሱ እጅ እየጻፈ መለሰው። ስሙን ማን አስታወሰው? በ1970ዎቹ አባቶቻቸው ኪንግዶም ይዘዋቸው የገቡ ልጆች ናቸው። አንድ ምሽት ከጨዋታ በኋላ ከፓዮኒር ስኩዌር ያሳፈርኳቸው ሽማግሌ ይህንኑ ነገሩኝ። ፔሌን ያዩት ከአባታቸው ጋር ነው፤ በዚያ ምሽት ደግሞ ከጎናቸው ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው፣ ሦስቱም አረንጓዴ ሻርፕ አድርገው ተቀምጠዋል። የታክሲዬ ወንበር የታሪክ መጽሐፍ ሆነችልኝ።

እንግዲህ ቁጥሩን እንመልከት። ኖቬምበር 10 ቀን 2019 ሳውንደርስ ቶሮንቶን 3 ለ 1 አሸንፎ የሊጉን ዋንጫ ሲወስድ 69,274 ሰው ነበር። በሜይ 2022 የሜክሲኮውን ፑማስ 3 ለ 0 ረትቶ የአህጉሩ ሻምፒዮን ሲሆን 68,741። በኦገስት 31 ቀን 2025 ደግሞ የሜሲን ማያሚ 3 ለ 0 ሲያሸንፍ 69,314። ስታዲየሙ ከዚህ የሚበልጥ ብዙ ሰው አይችልም፤ ቢሆንም ልብ በሉ፤ ሜሲ ባለበትና በሌለበት የፍጻሜ ጨዋታ መካከል ያለው ልዩነት 40 ሰው ነው። በፔሌ ጊዜ ያልነበረው ነገር ይህ ነው። ለሴቶቹም እንዲሁ፤ ሜገን ራፒኖ በኦክቶበር 2023 በሲያትል ስትሰናበት 34,130 ሰው ሸኝቷታል።

ጋሼ ግን ፈጽሞ ተሳስተዋል አልልም። ከስታዲየም ወጥተን ሳሎን ስንገባ ሌላ አገር ነው። ጋለፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መርማሪ በ2017 «ለማየት የምትወዱት ስፖርት የቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እግር ኳስ ያለው 7 ከመቶ ነበር፤ በ2023 ደግሞ 5 ከመቶ። የአሜሪካው ፉትቦል 41 ከመቶ ይዟል። የ2022 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ተደምሮ 25 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ አገር አየው፤ የ2024ን ሱፐር ቦል ግን ከ123 ሚሊዮን በላይ። እንግዲህ አሜሪካዊው በየአራት ዓመቱ ለባንዲራው ይሰበሰባል፤ ለከተማው ቡድን ስታዲየም ይገባል፤ በየሳምንቱ ሳሎን ተቀምጦ ኳስ የሚያይ ግን ገና ጥቂት ነው።

«የሚያየው መጤው ነው» የሚለው ላይ ግን ጋሼን እሞግታለሁ። ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከማንኛውም የእግር ኳስ ሊግ ይልቅ ሲታይ የኖረው የሜክሲኮ ሊግ ነው። ያን የሚያየው አባት ግብር ይከፍላል፤ ልጁ እዚህ ተወልዷል። ታዲያ እሱ አሜሪካዊ ተመልካች ካልሆነ ማን ነው? የፎል ሪቨር ሸማኔም፣ ሳህን አጣቢው ጌትጀንስም፣ እኛም ብንሆን ሁልጊዜ ነበርን፤ ቆጣሪዎቹ ናቸው ያላስገቡን። አሁን ደግሞ እኛው ራሳችንን ከመቁጠር እናውጣ?

ስለዚህ የእኔ መልስ ይህ ነው። እግር ኳስ በአሜሪካ ተመልካች አጥቶ አያውቅም፤ ወራሽ ነው ያጣው። ልጅ ሲተወው ሞተ፤ ልጅ ሲይዘው ሲያትል ላይ ዳነ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ አሁን ቆሟል፤ መሮጡን ግን ገና ነው።

እዚህ ላይ የሚያመኝን ልንገራችሁ። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ አሠልጣኝ አይቶት ለክለብ ይበቃል አለኝ፤ ደስ ብሎኝ ስጠይቅ ክፍያው ከወር የቤት ኪራዬ በለጠ። ማሊያው ለብቻ፣ ጉዞው ለብቻ። ልጁ ፊቴን አይቶ «ግድ የለም አባ፣ ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁ» አለኝ። እኔን ላለማሳዘን ያላት ያች ቃል እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። ስደተኛው ያመጣው ጨዋታ ሲከብር የስደተኛው ልጅ ከአጥር ውጭ ከቀረ፣ የ1930ዎቹ ታሪክ በሌላ መንገድ ተመለሰ ማለት ነው። መንገዱ ሁሉ ግን አልተዘጋም። ኢትዮጵያ ተወልዶ ሚኔሶታ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም በ2007 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ለታላቁ ሊግ ተመርጧል፤ በ2013ም ለኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ተሰልፏል። ኬንያ ተወልዶ በስደት መጥቶ እዚሁ ሲያትል ያደገው ሃንድዋላ ብዋና በ2018 የሳውንደርስን ማሊያ ለብሷል።

ሲያትል ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ከተሞች አንዷ ሆና ስድስት ጨዋታ ተመደበላት። ዕጣው ሲወጣ ከደረሷት ጨዋታዎች አንዱ የቤልጂግና የግብፅ ነበር። ለልጄ ይህን ሳወራው «ግብፅን አሸንፈን እናውቃለን?» አለኝ። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት፣ ሉቻኖ ቫሳሎ አምበል የነበረው ቡድናችን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ እንደወሰደ ነገርኩት። ለእኔ የነገረኝ አባቴ ነው። ልጁ ደግሞ ቁጥሩን ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄዶ ለጓደኞቹ ሊያወራ።

ውድ አንባቢያን፣ በየሰፈሩ ቅዳሜ ጠዋት ያለ ክፍያ ልጆች የሚያጫውቱ ወንድሞችና እህቶች አሉን። ከመካከላችን ኳስ መግዛት የሚችል ኳስ ይግዛ፤ የማይችል ልጁን ይዞ ይምጣና ሜዳ ዳር ይቁም። እኔ ከዚህ ወር ጀምሮ የቅዳሜ ጠዋት ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ ብዬ ለልጄ ቃል ገብቻለሁ። ጋሼንም ጋብዣለሁ፤ «ከመጣሁ ዳኛው እኔ ነኝ» ብለዋል።

ቸር ይግጠመን።