ቡሬ ላይ ሰው እንፍጠር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ጨዋታ ነው። መድረክ የለውም፣ ተመልካች የለውም፣ ተጽፎ የሚጠና ቃለ ተውኔትም የለውም። ሠላሳም አርባም፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ሰው ጫካ ውስጥ ወይም ያረጀ ግንብ ውስጥ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ የገዛ ስሙን ትቶ የሌላ ሰው ስም፣ የሌላ ሰው ወዳጅና ጠላት ይይዛል። ከዚያማ አንድ ቀን ሁለት ቀን ያንን ሰው ሆኖ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል።

ፈረንጆቹ ላርፕ ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 ዳጎርሂር የሚባል ማኅበር ዋሽንግተን አካባቢ በስፖንጅ ሰይፍ ይጋጠም ጀመር። እንግሊዞች ደግሞ በ1982 ፔክፎርተን በሚባል ግንብ ውስጥ ገብተው ሀብት ፈላጊና ጠንቋይ ሆኑ። ኖርዌዮች፣ ስዊድኖች፣ ዴንማርኮችና ፊንላንዶች ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ እየተገናኙ ስለዚሁ ጨዋታ ይከራከራሉ፤ መጽሐፍ ሳይቀር ይጽፉበታል። ትልቅ ሰው እቃቃ ይጫወታል ወይ የሚል ካለ፣ አዎ ይጫወታል።

እንግዲህ እኛም እንጫወት። የት? ጎጃም፣ ቡሬ። መቼ? የካቲት 24 ቀን 1933 ዓ.ም. ከምሽቱ ጀምሮ እስከ ንጋት።

ያን ምሽት አስታውሱ፤ አገሩን ጣልያን ይዞታል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 በኦሜድላ በኩል ገብተዋል። ዊንጌት የሚሉት እንግሊዛዊ መኮንን 2,000 እንኳ የማይሞላ ጦር ይዞ በግመል ጉዞ ጎጃም ደርሷል። የጦሩንም ስም ጌዴዎን ብሎታል። ጌዴዎን ማን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ መጽሐፈ መሳፍንትን ታውቁታላችሁ። 300 ሰው፣ ቀንደ መለከት፣ በእንስራ የተሸሸገ ችቦ፤ በሌሊት ሲነፋና እንስራው ሲሰበር የምድያም ሰፈር አእላፍ የመጣበት መስሎት እርስ በርሱ ተራረደ። ዊንጌትም ይህንኑ አደረገ። ቡሬን ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ ከፊል ጦሩን እዚያው ትቶ አልፏት ሄደና ማንኩሳ ያለውን ምሽግ በሞርታር ይደበድብ ጀመር፤ በድምፅ ማጉያም ከጣልያን ጋር ለተሰለፈው ያገር ልጅ በገዛ ቋንቋው ጥሪ ያሰማል። ቡሬ ያለው የጣልያን ኮሎኔል፣ ናታሌ፣ ኋላው ተቆረጠ። ሺዎች አሉት፤ ግን ስንት ሰው እንደከበበው አያውቅም። የካቲት 25 ምሽጉን ለቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ።

ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ሰው እንፍጠርለት።

ወዲያው አንድ ጎረምሳ ብድግ ይላል። «እኔ በላይ ዘለቀ ነኝ!» ሌላውም ብድግ፤ «እኔም!» የተበጠረ ጎፈሬ፣ የጥይት ዝናር፣ አባ ኮስትር የሚል የፈረስ ስም። ልጄ፣ አርበኛው በላይ ያኔ በቢቸና በኩል ነው። በቡሬና በዳሞት ዱር አርበኛውን የሚመሩት ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ናቸው። ደግሞም የፈረስ ስም መነሻ አይሆንም። አባ ታጠቅ ሲባል ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክ፣ አባ ነፍሶ ሲባል ባልቻ የሚታወሰን በሠሩት ሥራ ነው። አንተ ገና ከመነሻህ ጨርሰህ መጣህ፤ ምን ልትሆን ይቀርሃል? ሃያ በላይ ዘለቀ ባለበት ሜዳ ላይ ፉከራ ብቻ ይሰማል። ፎክሮ የጨረሰ ሰው ደግሞ ጨዋታ የለውም።

እኔ የምፈጥራት ሴት ናት። ስሟ እቴነሽ ይሁን። በመዝገብ አትፈልጓት፤ የጨዋታ ሰው ናት። ጠላ ትሸጣለች። ልብሷን አሁን አትጠይቁኝ፤ ልብስ መጨረሻ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ናት ነው። በኛ አገር እንግዳ ሲገባ «የማን ልጅ ነህ?» አይደል የምንለው? ፈረንጆቹ ለአንድ ሰው ጥቂት ዝምድና ስጡት ይላሉ። እኛ ቀድመናቸዋል፤ አበልጅ፣ የነፍስ አባት፣ የጡት ልጅ፣ የማኅበር አባል፣ ደመኛ፣ ዋስ እያልን ስንቱን ገመድ እናውቃለን።

ለእቴነሽ ሁለት ገመድ ይበቃታል። የበኩር ልጇ ዱር ገብቷል፤ ከነጋሽ ሰዎች ጋር ነው። ታናሽ ወንድሟ አዳሙ ደግሞ የጣልያን ባንዳ ነው፤ የምሽጉን በር ይጠብቃል። እናታቸውን የሚጦረው እሱ ነው፤ ደመወዝ አለው።

እስካሁን የተናገርኩት ተራ ነው፤ ወንድምና ወንድም የተለያየበት ዘመን ነበር። ሦስተኛውን ነገር ስሙ። ባለፈው ክረምት እቴነሽ ተጠርጥራ ታስራ ነበር። ያስፈታት አዳሙ ነው፤ ዋስ ሆኖላት። ከእንግዲህ አንዲት ቃል ከቤቷ ወደ ዱር ብትወጣ የሚሰቀለው እሱ ነው። እሷ ደግሞ በየሳምንቱ ጥይት በብቅል አቁማዳ ውስጥ ታሳልፋለች።

አያችሁ? ጨዋታው ገና አልተጀመረም፤ እሷ ግን ሰው ሆናለች። ጠዋት ተነሥታ ብቅሉን ስታሰጣ እጇ ይከብዳታል። ጀግና ናት ብዬ መናገርም አያስፈልገኝም። ልጇን ብትረዳ ወንድሟን ትገድላለች፤ ወንድሟን ብታድን ልጇ ባዶ ጠመንጃ ይዞ ያድራል። የጨዋታ ሰው የሚቆመው እንዲህ ሁለት በኩል ሲጎተት ነው።

ይህን ብልሃት ማንኩሳ ላይ ያገኘ ሌላ ሰው ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር የሚጀምረው እዚያ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም መካከል ካለችው ማንኩሳ ነው። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተስለውታል፤ በድንግልና ሊኖር። ልጁ ስለቱን አልተናገረም፣ አልተጠየቀምም። አድጎ ሰብለ ወንጌልን ባየ ጊዜ ግን ያ ስለት ከፊቱ ቆመ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሥራ ፈቶ ያዳመጠው፣ ልጁ መልከ መልካም ስለሆነ ብቻ ይመስላችኋል? በሕፃንነቱ የታሰረበት ቃል ነው አዳማጩን ሬዲዮኑ ሥር ያስቀመጠው።

ከሁለቱ ገመድና ከዋስትናው ቀጥሎ አራተኛው ነገር አንደበት ነው። ተጫዋቹ የሚለውን ማንም አይጽፍለትም፤ እዚያው ያፈልቃል። አይቻልም የሚል የድሮውን የሙግት ሥርዓት፣ በላ ልበልሃን ይጠይቅ። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ይቀርቡ ነበር። አንዱ ዱላውን ይዞ ይራመድ፣ ይዘል፣ በምሳሌ ይወጋ ነበር፤ «ይህ ሐሰት ቢሆን በቅሎ ይሁንብኝ» ብሎ ይወራረድ ነበር። ሌላው ያንኑ ቃል ተቀብሎ ይመልስበት ነበር። በቅሎ የሌለው ማር ይወራረድ ነበር። ልክ ነበረው፣ ወግ ነበረው፣ ዳኛ ነበረው፤ ቃሉ ግን የዚያች ሰዓት ነበር። ታዲያ የዚህ ሰው የልጅ ልጅ ተጽፎ ካልተሰጠኝ መናገር አልችልም ሊል ነው?

እቴነሽስ እንዴት ትናገራለች? ብዙ አትናገርም። ጠላ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሰሚ ነው። አስካሪ የሚሉት የጣልያን ቅጥር ወታደር ጠጥቶ በሊሬ ሲከፍላት ጥርሷን ፈገግ አድርጋ ትቀበላለች፤ ገበያተኛው ግን ጠገራ ብር እንደሚመርጥ ታውቃለች፣ ስለዚህ ሊሬውን ገና ሳይመሽ ትገላገለዋለች። በዚያች ሊሬ ብቻ ጣልያን ስንት ቀን እንደቀረው ትገምታለች፤ ዛሬ ማንም ሊቀበላት አልፈለገም።

በዚህ መሐል አዳሙ ይገባል። አይቀመጥም።

«እትዬ፣ ዛሬ ጠላው አልቋል በያቸው።»

«ጋኑ ሙሉ ነው እኮ። ምን ሆነህ ነው?»

«አልቋል በያቸው ብያለሁ።»

በቃ። ይህንን ማንም አልጻፈውም፤ ሁለት ተጫዋች ፊት ለፊት ሲቆሙ የሚወጣ ነው። ምሽጉ ሊለቀቅ ነው ሊላት ፈልጎ ይሆናል፤ ወይም ሰክሮ የሚረብሽ ወታደር እንዳይደርስባት ፈርቶ ይሆናል፤ ወይም ያቁማዳውን ነገር ደርሶበት ይሆናል። እሷ ትመርጣለች፤ በመረጠችውም ሌሊቱ ይቀየራል።

አምስተኛው፣ የማስመሰል ኃይል ነው። አንድ ነገር ይተረካል። ጦሩ መጋቢት መጨረሻ ላይ ደብረ ማርቆስ ሲገባ በጣልያኖቹ ምሽግ ውስጥ ስልኩ ይጮኻል። ደዋዩ በዓባይ መሻገሪያ ያለ ጣልያን ነው፤ ከተማው መለቀቁን አልሰማም። ከጦሩ ጋር ኤድመንድ ስቲቨንስ የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አለ፤ ጣልያንኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ዊንጌት አንሣው ይለዋል። ስቲቨንስም እንደ ጣልያን ሆኖ፣ ድምፁን አስደንግጦ፣ 10,000 የእንግሊዝ ጦር ወደ እናንተ እየመጣ ነው ይለዋል። መሻገሪያውን የሚጠብቁት ለቀው ሄዱ። አስቡት፤ ልብስ አልለወጠም፣ ሰይፍ አልታጠቀም። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈራና ለማን እንደሚናገር ግን ስልኩን ሲያነሣ ያውቅ ነበር። የውስጥ አርበኛውም አምስት ዓመት የኖረው እንዲሁ ነው፤ ቀን የጣልያን ጸሐፊ ወይም ጠላ ሻጭ፣ ማታ የዱሩ ዓይን። ልዩነቱ እሱ ቢሳሳት የሚጠብቀው ገመድ ነበር።

አሁን እንግዲህ ልብስ። ነጠላ፣ የተጠገነ ቀሚስ፣ የብቅል ሽታ። ወንዱ ቁምጣ፣ ጋቢ፣ ዱላ። አለቀ።

ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ሕግ አለ። ጨዋታው ሲያበቃ ማንም ያልሆነውን ይዞ ቤቱ አይገባም። በገና ጨዋታ ጌታው በሎሌው ዱላ ቁርጭምጭሚቱን ቢመታ አይቆጣም፤ ኳሷ፣ ሩሯ፣ ከሜዳ ስትወጣ ቂሙም አብሮ ይወጣል። ላርፕ የሚያውቁትም ጨርሰው ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ፤ ያለቀሰ ያለቀሰበትን ይናገራል፣ የተሳደበ ይቅርታ ይላል። ለኛ ይህ ከማንም በላይ ያስፈልገናል። የባንዳ ልጅ የሚለው ስድብ ዛሬም ሰው ያጣላል። ስለዚህ የሰፈር ሰው ስም አናነሣም፤ የማንንም አያት አንነካም። የምንፈጥረው ሰው ዘሩ ከኛው ጋር ይወለድ፣ ከኛው ጋር ይለቅ። ጠመንጃ ድምፁ ቅርብ በሆነበት አገርም እንጨት እንኳ ቢሆን አፈሙዝ በሰው ፊት አይዞርም፤ ተኩሱ በከበሮ ይነገራል።

በሉ እንከፋፈል። እቴነሽን የምትፈልግ እጅ ታውጣ። ይኸው ስምንት እጅ አየሁ። የዱሩን ልጅ? አሥራ ሁለት። ኮሎኔል ናታሌን እንኳ ሁለት ሰው ለምኗል፤ የፈረንጅ ባርኔጣው አምሯቸው ነው።

አዳሙንስ?

ዝም አላችሁ። ገባኝ፤ ማን ባንዳ ሆኖ ይመሽለታል። ግን ልንገራችሁ፤ ያ ሰው ደካማ ከሆነ እቴነሽ ባዶ ናት። እናቱን የሚወድ፣ እህቱን ላለማሰቀል ሲል ራሱን ያስያዘ፣ ጌቶቹ ሊሸሹ መሆኑን ከሁሉ ቀድሞ ያወቀ፣ ንጋት ላይ ዱሩ ሲገባ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ያላወቀ ሰው አድርጎ የሚይዘው ያስፈልጋታል። ለራሱ ጭብጨባ አይጠብቅ፤ ለሌላው ሰው መሆኛ ይሰጣል። ከናንተ መካከል ጨዋታ አዋቂው እሱ ነው። እስቲ አንዳችሁ ተነሡ፤ ያለ እሱ አልጀምርም።