ዘይት የሚያፈስና ዘይት የሚበላ ሞተር በላስታ ደጋ

የላስታ አገር፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አቅራቢያ ያለችው ላሊበላም ጭምር፣ ለብዙ ዘመን የበቅሎና የእግረኛ አገር ስለ ነበረች፣ በዚያ ቅባት ሲባል የሚታወቀው ሕፃን በተጠመቀ ዕለት የሚቀባው ቅዱስ ሜሮን፣ በመቅደስ የሚበራው የመብራት ዘይት፣ ለጾም ወጥም የሚሆነው የኑግ ዘይት ነበረ እንጂ፣ ከብረት ሆድ የሚንጠባጠብ ጥቁር ዘይት አልነበረም። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን ዋናውን የአስመራ መንገድ በደሴና በወልድያ ሲያሳልፉት፣ ትሬንታ ኳትሮ የተባሉት ከባድ መኪናዎቻቸው ያጓሩት ከላስታ ደጋ በስተ ምሥራቅ ነበረ። እነርሱ ሄዱ፤ ቃላቸው ግን ቀረ። ዛሬም በወልድያ ጋራዥ መካኒኩ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ ሲል አያቱ የተናገሩበት ቋንቋ ይመስለዋል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ላሊበላን ሊሳለሙና ሊጎበኙ የሚመጡ እንግዶች በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ 3 አውሮፕላን ሜዳው ላይ ሲወርዱ፣ የሞተር ዘይት ጠባይ በዚያው ይታይ ነበር። የዚህ ዓይነቱ አውሮፕላን ሲሊንደሮች ክብ ሠርተው የተደረደሩ በመሆናቸው፣ ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ወርዶ ይጠራቀማልና፣ ከመነሣቱ አስቀድሞ ማራገቢያውን በእጅ ማዞር የመካኒኩ ሥርዓት ነበረ። ቀጥሎም በ1940 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የእንግሊዙ ላንድሮቨር መጣ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ቻይናውያን ከወልድያ እስከ ወረታ ያለውን ጎዳና ሠሩና፣ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚገነጠለው የ64 ኪሎ ሜትር መንገድ የአሮጌ መኪና ሁሉ መፈተኛ ሆነ።

በዚህ መንገድ የኖሩ ሾፌሮች ሁለት ሕመሞችን ለይተው ያውቃሉ፤ አንዱን ያፈሳል፣ ሁለተኛውን ይበላል ይሉታል። የሚያፈስ ሞተር ነውሩን ለዐይን ያሳያል፤ በብረትና በብረት መካከል የገባው ቡሽ ወይም ላስቲክ በሙቀት ብዛት ደርቆ ሲሰነጠቅ ዘይቱ ከሞተሩ ሥር ካለው ቋት፣ ከኮፓው፣ እየወረደ ያደረበትን መሬት ያጠቁራል። ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የቡሹ ሳይሆን የሞተሩ መተንፈሻ መደፈን ነው፤ መውጫ ያጣ ትንፋሽ ውስጥ ለውስጥ ገፍቶ ዘይቱን በደካማው ስፍራ ያስወጣዋልና፣ ቡሹን ብቻ የሚለውጥ መካኒክ ያንኑ ሥራ ደግሞ ደጋግሞ ይሠራል። የሚበላው ሞተር ግን ከበታቹ መሬቱን ሳያረጥብ ዘይቱ ይጎድላል፤ በፒስተኑ ወገብ የተጠመጠሙት ፋሻዎች ተበልተው ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል፣ በኋላውም ሰማያዊ ጢስ ይተዋል። እኔ ከሁለቱ ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው፤ የተሰወረ ጉድለት ያልለካውን ሰው በገደል አፋፍ ላይ ያስቀረዋልና።

አገሩም ሕመሙን ያብሳል። 3,000 ሜትር በሚጠጋው የጋሸና ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ አየር 10 እጅ 7ቱን ያህል ስለ ሆነ፣ ወደዚያ በሚያወጣው በድልብ ዐቀበት የጫነ መኪና ጉልበቱ ከድቶት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ረጅም ሰዓት ሲያቃስት ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናልም። ቁልቁለቱም ከዚያ አያንስም፤ የቤንዚን መኪና ሾፌር እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ በማርሽ ሲወርድ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ባዶነት ዘይቱን በቫልቮቹ ዘንግ በኩል ይመጠዋል፤ ታች ደርሶ ነዳጅ በሰጠ ጊዜ ያ ሁሉ ባንድነት ይጤሳል። ከዚህ በላይ የላስታ አቧራ አለ። የጥንቱ ላንድሮቨር አየር ማጣሪያ አቧራውን የሚይዘው በዘይት ነበረ፤ ያ ዘይት ጭቃ እስኪሆን ችላ የተባለ እንደ ሆነ፣ አቧራው ወደ ሞተሩ ገብቶ ፋሻውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ ቀረጡን አክብዶታል። በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ግን ዛሬም ይሠራሉ፤ ለታኅሣሥ 29 የልደት በዓል ምእመናንን ጭነው ወደ ላሊበላ ከሚወጡት መካከልም ጥቂት አይደሉም።

በአንድ የበዓል ዋዜማ ጋሸና አድሬ፣ ገና ሳይነጋ፣ ጋቢ የተከናነበ ረዳት ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሥር ተንበርክኮ አየሁ። ማታ ዘርግቶት ያደረውን ካርቶን በቀስታ ስቦ በእጅ ባትሪው ብርሃን ጠብታዎቹን አንድ በአንድ ቈጠረ፤ ከዚያም የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ በጨርቅ ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ እንደ ገና መዘዘና በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል ዘይቱን አሻሸው፣ አሸተተውም።

«ጋሼ፣ ትናንት ሰባት ነበረ፤ ዛሬ ዐሥራ አንድ ነው» አለ።

ሾፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ፣ «ዘንጉስ?» ብሎ ጠየቀው።

«ከመስመሩ አንድ ጣት ጎድሏል።»

«እንግዲያው የጎደለው በማፍሰስ ብቻ አይደለም። ግማሽ ሊትር ጨምርና ጀሪካኑን ከእግሬ ሥር አኑረው፤ ቁልቁለቱን ስንጨርስ እንደ ገና እናየዋለን።»

ልጁ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገት ቈርጦ የሠራውን ማስገቢያ በሞተሩ አፍ ላይ ተከለና፣ ብርዱ ያወፈረው ዘይት እንደ ማር እየተሳበ እስኪወርድ ድረስ ጀሪካኑን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።