ዴሪክ ቡጋርድ፦ በጡጫው እንጀራውን የበላው የበረዶ ሆኪ ተጫዋች

የገና ጨዋታ ሲደራ ሩር ስታሳድዱ ላደጋችሁ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ይህ ስፖርት ብዙም እንግዳ አይደለም። አይስ ሆኪ ባጭሩ የገና ጨዋታ በበረዶ ላይ ነው ቢባል ያስኬዳል። ዱላው እንደ ገናችን ጫፉ የተቆለመመ ነው። በሩር ፈንታ ግን «ፐክ» የሚባል ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ይመታል። ተጫዋቾቹ ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ላይ ይንሸራተታሉ፤ በየቡድኑ በረኛውን ጨምሮ 6 ሰው ይሰለፋል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በገና ጨዋታ ዱላ ቢያርፍብህም ጌታና ሎሌ እኩል ነውና ቂም አይያዝም። በሰሜን አሜሪካው ትልቅ ሊግ፣ በኤን.ኤች.ኤል፣ ግን ለድብድብ ተብሎ የሚቀጠር ተጫዋች ነበር። «ኢንፎርሰር» ይሉታል። ሥራው ጎል ማግባት ሳይሆን የቡድኑን ኮከብ የነካን ሰው በጡጫ ማስተማር ነው። ዳኛው ብዙውን ጊዜ 5 ደቂቃ አስቀምጦት ወደ ሜዳ ይመልሰዋል። ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ከእነዚህ ሁሉ በጣም ከተፈሩት አንዱን ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

■ ማንም ያልፈለገው ልጅ

ዴሪክ ቡጋርድ በ1982 ካናዳ፣ ሳስካቱን ከተማ ተወለደ። አባቱ ፖሊስ ስለነበር ቤተሰቡ ከአንዷ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላዋ ሲዛወር ነው ያደገው። ከእኩዮቹ ሁሉ ገዝፎ ወጣ፤ ኋላ ቁመቱ ከ2 ሜትር፣ ክብደቱ ከ115 ኪሎ በላይ ሆነ። በረዶ ላይ ግን ፈጣን አልነበረም፣ ዱላ አያያዙም የሚደነቅ አልነበረም። መልማዮች ዓይናቸውን የጣሉበት ገና በ15 ዓመቱ፣ በአንድ ጨዋታ ተናዶ ወደ ተጋጣሚ ተቀያሪዎች ወንበር ገብቶ ከተደባደበ በኋላ ነው።

በ2001 የሚኒሶታው ክለብ ዋይልድ በድራፍት መረጠው። ድራፍት ስንል ቢራውን አይደለም፤ ክለቦች በየዓመቱ ወጣቶችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ቡጋርድ የተጠራው በ7ኛው ዙር፣ በ202ኛ ተራ ነበር። ከእሱ በፊት 201 ልጆች ተመርጠዋል ማለት ነው። እንደዚህ ዘግይተው ከሚመረጡት አብዛኞቹ ትልቁ ሊግ ሳይደርሱ ይቀራሉ።

እሱ ግን ደረሰ። በሉዊዚያናና በሂዩስተን ታችኛው ሊግ ሲደባደብ ቆይቶ በ2005 ኤን.ኤች.ኤል ገባ።

■ ጭራቁ

ቅጽል ስም ወጣለት፤ በእኛ አፍ «ጭራቁ» እንደማለት ነው። በ2006 የቶድ ፌዶሩክን ጉንጭ በአንድ ቡጢ ሰበረው፤ ሐኪሞች አጥንቱን በብረት ነው የጠገኑት። የሚገርመው ሁለቱ ኋላ በሚኒሶታ የአንድ ቡድን ልጆች ሆኑ።

ቁጥሩ ሥራውን ይናገራል፦
• 277 ጨዋታ
• 3 ጎል
• 589 የቅጣት ደቂቃ

ከሁለተኛው ጎሉ እስከ ሦስተኛው ወደ 5 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ያም ሆኖ ደጋፊው ይወደው ነበር፣ ገበያውም አልጠላውም። በ2010 ኒውዮርክ ሬንጀርስ ለ4 ዓመት በ6.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው።

■ ከጡጫው ጀርባ

ድብድብ ግን ለሚመታውም አይመለስም። እጁ፣ ጀርባው፣ ትከሻው፣ አፍንጫው ተጎዳ። በ2009 ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከባድ የህመም ማስታገሻ ታዘዘለት። ማስታገሻው ሱስ ሆነና በዚያው ዓመት ማገገሚያ ገባ።

ታኅሣሥ 2010 ከኦታዋ ጋር በነበረው ጨዋታ ከማት ካርክነር ጋር ተደባደበ። ጭንቅላቱ ተጎዳ፣ ከዚያ ወዲህም ተሰልፎ አያውቅም። ግንቦት 13 ቀን 2011 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የገደለው ሳያስበው የወሰደው የመጠጥና የኦክሲኮዶን ድብልቅ ነው። ገና 28 ዓመቱ ነበር።

ቤተሰቡ አንጎሉን ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰጠ። ውጤቱ «ሲ.ቲ.ኢ» ሆነ። ይህ ጭንቅላት ደጋግሞ ሲመታ የሚመጣ፣ ማስታወስንና ጠባይን የሚያበላሽ፣ በእርግጠኝነት የሚታወቀውም ከሞት በኋላ የሆነ የአንጎል በሽታ ነው። በ28 ዓመት ወጣት ላይ ይህን ያህል መባባሱ ሐኪሞቹን አስደንግጧል። የመጨረሻ ዓመታቱ ችግር ስንቱ ከበሽታው፣ ስንቱ ከመድኃኒቱ እንደሆነ ግን መለየት እንደማይቻልም ተናግረዋል።

በዚያው ክረምት ሪክ ሪፒንና ዌድ ቤላክ የተባሉ ሌሎች ሁለት ኢንፎርሰሮችም ሞቱ። ቤተሰቡ ሊጉን ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ በ2017 ክሱን ውድቅ አደረገው። ድብድቡ ግን እየቀነሰ ሄዷል። መጫወት የሚችል እንጂ መደባደብ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቡድን ውስጥ ቦታ እያጣ ነው።

■ ለእኛስ?

ከንፋስ መውጫ እስከ ወገዳ፣ ከአርብ ገበያ እስከ መካነ ኢየሱስ፣ በገናም በኳስም ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ «ምንም አልሆንኩም፣ ወንድ ነኝ» ብሎ ሲነሳ እናውቃለን። ቡጋርድም ያንኑ ሲል ነው የኖረው። ከምት በኋላ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገር፣ ዓይን መፍዘዝ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከመጣ ጨዋታው ለእሱ አበቃ ማለት ነው። በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ። ምልክቱ ከባሰ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ጠንካራ ማስታገሻም ሐኪም ካዘዘው መጠንና ቀን በላይ አይወሰድ፣ ከመጠጥ ጋር ደግሞ ጨርሶ አይቀላቀል።

ጨዋታ የሚወድ ጓደኛ ካላችሁ አድርሱት።