የዛገ ሻንሲ እንደ ታሪክ ሰነድ፦ የላንድሮቨር ጥገናና የምሥራቅ ጎጃም መንገድ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በታሪክ ትምህርት ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አይደለም። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ገዳማት፣ ስለ ርስትና ስለ ግብር ስንነጋገር ኖረናል። ዛሬ የማነሣው የአሮጌ ላንድሮቨርን ሻንሲ ነው። የዛገ ሻንሲ ይጠገን ወይስ ይለወጥ የሚለው ጉዳይ ለጋራዥ የሚተው ይመስላል። እኔ ግን የታሪክ ጥያቄም ነው እላለሁ። በዚያ ብረት ላይ በወረቀት ያልሰፈረ የገጠሩ ታሪክ አለ፤ ብረቱ ሲጣል ወይም ሲቀልጥ ታሪኩም አብሮት ይሄዳል።

ተሽከርካሪ የታሪክ ማስረጃ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባትን ቮልስዋገን የማያስታውስ የታሪክ ተማሪ የለም። ያቺ ትንሽ መኪና በአንድ ማለዳ ሥራ የመጻሕፍትን ገጾች አግኝታለች። ላንድሮቨር ግን ሹሙን፣ የጤና ባለሙያውን፣ የግብርና ሠራተኛውንና ሚሲዮናዊውን ጭኖ ለዐሥርት ዓመታት በየአውራጃው ሲመላለስ ብዙም አልተጻፈለትም።

ከትውልዱ እንጀምር። ላንድሮቨር ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1948፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ በአምስተርዳም የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ነው። ብሪታንያ ከጦርነት የወጣችበት ዘመን ስለ ነበር ብረት በራሽን ይከፋፈል ነበር። ሞሪስ ዊልክስና የሮቨር ኩባንያ ባልደረቦቹ የመኪናውን አካል በቀላሉ ሊገኝ ከሚችለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። የሚሸከመውን አጥንት ግን ከብረት ሌላ ሊሠሩት አልቻሉም። ዝርግ ብረት እየቆረጡ በአራት ማዕዘን ገጥመው በየጠርዙ በየዱትና ውስጡ ባዶ የሆነ ረጅም ሣጥን አወጡ። ሁለት ረጃጅም ሣጥኖች ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው አግዳሚዎች፤ ቅርጹ በአጭሩ መሰላል ነው። ሻንሲ የምንለው ይህን ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ባሌስትራው፣ አካሉ ሁሉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

ዝግ ሣጥን መጠማዘዝን በሚገባ ይቋቋማል፤ ድንጋያማ አቀበት ለሚወጣ መኪና ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ጸጋው ከነደዌው የመጣ ነበር። የብረቱ ውፍረት ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ለእጅም ለብሩሽም አይደረስም። ውኃና ጭቃ በቀዳዳዎቹ ገብተው ሲቀመጡ ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ስፍራ ስለሚይዝ በድርብርብ ክፍሎች መካከል ያብጣል፣ ይገፋል፣ ይሰነጥቃል። በውጭ ቀለሙ ያማረ ሻንሲ በመዶሻ ሲነካ እንደ ደረቅ ቅርፊት የሚረግፈው በዚህ ምክንያት ነው። አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር በሚነካካበት ቦታ ርጥበት ሲያገኝ ነጭ ዱቄት እየሆነ ቢጎዳም እንደ ብረት አይዝግም። ስለዚህ ላንድሮቨር ሥጋው ቆሞ አጥንቱ ቀድሞ የሚያልቅ መኪና ነው።

ዝገት ግን በየአገሩ አንድ ዓይነት አይደለም። በብሪታንያ ሻንሲን የሚጨርሰው በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። በእኛ ደጋ ጨው የለም፤ ዋልካ አለ። ከደጀን ወደ ቢቸና፣ ከዚያም ወደ ደብረ ወርቅና ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ጥቁሩን አፈር ያውቀዋል። ዋልካ ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ውኃውንም ቶሎ አይለቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም በሻንሲው መታጠፊያዎችና ከባሌስትራው መያዣዎች በላይ የታጨቀ ጭቃ ዝናቡ ካባራ በኋላም ለሳምንታት ርጥብ ሆኖ ይቆያል። በላንድሮቨር ላይ ቀድመው የሚበሉት የኋላው አግዳሚ፣ አካሉን የሚደግፉት የጎን ክንዶችና የባሌስትራ መያዣዎች መሆናቸው ያጋጣሚ ነገር አይደለም፤ ጎማው ጭቃውን የሚወረውረው ወደ እነርሱ ነው።

በዚህ ላይ የዓባይን በረሃ ጨምሩበት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መኪናው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ጭነት የበዛበት መኪና በየጠመዝማዛው ሻንሲው ይጠመዘዛል፤ ዝገት ያሳሳው ቦታም በዚያ ይሰነጠቃል። እንግዲህ የአንድ ሻንሲ ስንጥቅ የአፈር፣ የዝናብና የመንገድ ምስክርነት ነው።

የታሪክ ባለሙያ ከዚህ ምን ያገኛል? ስለ ዘመናዊው መንግሥት ስንጽፍ የምንጠቅሰው አዋጅና ደብዳቤ ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ላይ ስላደረጉት አመፅ ስንጽፍ የአዋጁን አንቀጾችና የጠቅላይ ግዛቱን ሹማምንት ስም እናነሣለን። ግብር ገማቹ በምን ተጉዞ የት ድረስ ሊደርስ ይችል ነበር ብለን ግን እምብዛም አንጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ በተጀመረው ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ከታቢዎቹ መኪናው ከቆመበት በኋላ በበቅሎና በእግር ይቀጥሉ ነበር። የመኪናው መቆሚያ በብዙ ረገድ የመንግሥት እጅ መድረሻ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ ያ መቆሚያ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ሄዷል። መኪናው በየት እንደ ሄደ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደ ተሰበረና ማን እንዳስነሣው የሚነግረን ከወረቀት ይልቅ ብረቱ ነው።

ብረቱን ለማንበብ ቋንቋውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የጋራዡም ቋንቋ ራሱ ቤተ መዛግብት ነው። ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ላሜራ፣ ቡሎን፣ ካቻቪቴ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሻንሲ ከፈረንሳይኛ የተገኘ ነው። ብየዳ ግን የራሳችን ቃል ነው። ባዕዱ የዕቃዎቹን ስም ሰጠን፤ ዕቃውን መልሶ የማቆም ሥራው በራሳችን ግስ ተጠራ። እዚህ ላይ አንድ አሮጌ ቁስል ማንሣት ተገቢ ነው። ቀጥቃጩን በሥራው ሲሰድብ የኖረ ማኅበረሰብ ነን፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በታሪክ ጽሑፋችን ውስጥ በያጁና መካኒኩ የሌሉት፣ ስድቡ ቀርቶ ዝምታው ስለ ቀረ ይመስለኛል።

የተጠገነ ሻንሲ እንደ ብራና ነው፤ ተፍቆ በላዩ ይጻፍበታል። በቡሎን ወይም በሪቬት የተያዘ ልጣፊ ኤሌክትሪክ በሌለበት ስፍራ የተሠራ ሥራ ሊሆን ይችላል። በኤሌክትሪክ የተበየደ መስመር በአቅራቢያው መብራት ወይም ጀኔሬተር እንደ ነበረ ይናገራል። ከበርሜል ላሜራ የተቆረጠ ጥጋኝ ገበያው ምን ያህል ጠቦ እንደ ነበር ያሳያል፤ ለቤት ሥራ በሚሸጠው ቱቦላሬ የተተካ አግዳሚ ደግሞ የቅርብ ጊዜውን የግንባታ ዘመን ይመሰክራል። እነዚህ ምልክቶች ብቻቸውን አይበቁም፤ ከመካኒኮችና ከሾፌሮች ቃል ጋር መመሳከር አለባቸው። እንዲህ ያለ ማመሳከር ግን ለማንኛውም ሰነድ የምናደርገው ነው።

ይህን ስል ጥጋኝ ሁሉ ይወደስ ማለቴ አይደለም። በዛገ ብረት ላይ የተለጠፈ ላሜራ ዝገቱን ይሸፍናል እንጂ አያድንም፤ በቁልቁለት መካከል የባሌስትራ መያዣ ሲገነጠል የሚከፈለው በሰው ሕይወት ነው። ትክክለኛው ጥገና የታወቀ ሥርዓት አለው። አካሉ ሲነሣ ሻንሲው ይጸዳል፤ ርዝመቱ በሙሉ በሾለ መዶሻ እየተመታ ድምፁ ይደመጣል። ነዳጅ ታንከሩ ይወርዳል፣ ባትሪው ይነቀላል። ከመቆረጡ በፊት ሻንሲው በጠንካራ ብረት ይታሰራል፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያሉት ሁለት ሰያፍ ርቀቶችም ይለካሉ፤ እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ጠሟል። የበሰበሰው ጤናማ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል፤ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ብረት ገብቶ ዙሪያውን ሳያቋርጥ ይበየዳል። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አይደፈኑም። በመጨረሻም የሣጥኑ ውስጥ ዘይት ወይም ሰም ይረጭበታል።

ሁለተኛው መንገድ ሙሉ ሻንሲ መለወጥ ነው። በብሪታንያ ዛሬም ለአሮጌ ላንድሮቨሮች አዲስ ሻንሲ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። ብዙዎቹ ሻንሲውን በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ይነክሩታል። ዚንኩ በውስጥም በውጭም ይለብሰዋል፤ ቢጫርም እንኳ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ይጠብቃል። መኪናው ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ለእኛ ግን ይህ መንገድ የውጭ ምንዛሪ፣ ረጅም ጭነትና ቀረጥ ነው፤ ከዚህም ሌላ የማንነት ጥያቄ ያስነሣል።

በሊብሬው ላይ የሚጻፈው የሻንሲ ቁጥር ነው። ሞተር ቢለወጥ፣ አካል ቢለወጥ መኪናው ያው ነው፤ ሻንሲው ሲለወጥ ግን ሕጉ ይህ የትኛው መኪና ነው ብሎ ይጠይቃል። ንጽጽሩ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ደብረ ወርቅ ላይ ቆመን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። የቤተ ክርስቲያን ክዳን ከሣር ወደ ቆርቆሮ ቢለወጥ፣ ግድግዳው ቢታደስ፣ ደብሩ ያው ደብር ነው፤ ታቦቱ አለና። የአንድ ነገር ማንነት ከክፍሎቹ ሁሉ በእኩል አይኖርም፤ አንዱ ክፍል ይሸከመዋል። በላንድሮቨር ማንነቱን የሚሸከመው ቀድሞ የሚዝገው ክፍል መሆኑ ነው ችግሩ። በብዙ አሮጌ ሞዴሎች ቁጥሩ የተቀረጸው ጭቃ በማይለየው በፊተኛው የባሌስትራ መያዣ አካባቢ ነውና፣ አንድ ግዴለሽ ብየዳ የመኪናውን ስም ሊያጠፋ ይችላል።

ታዲያ ይጠገን ወይስ ይለወጥ? መልሴ እንደ መኪናው ሥራ ይለያያል። ሰው ጭኖ መንገድ ላይ ያለ መኪና ከሆነ የሚቀድመው የሰው ሕይወት ነው፤ በሥርዓት መጠገን ካልቻለ ይለወጥ፣ መለወጥ ካልተቻለ ይቁም። የታሪክ ፍቅር ሰውን በበሰበሰ ብረት ላይ ለማሳፈር ምክንያት አይሆንም። ከሥራ የወጣና ለትውልድ ይቀመጥ የተባለ ከሆነ ግን በአዲስ ሻንሲ ላይ ማስቀመጥ ሰነዱን አቃጥሎ ሽፋኑን እንደ ማቆየት ነው። እንዲህ ያለው ይጽዳ፣ ይድረቅ፣ ዝገቱ ይገታ፤ ጥጋኞቹ ግን እንዳሉ ይቆዩ። የግድ ሲለወጥም አሮጌው ሻንሲ ከነቁጥሩ ይቀመጥ።

ጊዜው ግን አይጠብቀንም። በሶሊሁል ፋብሪካ የዚህ ዘር የመጨረሻው መኪና በጥር 2008 ዓ.ም. ወጥቷል። በአገራችን በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነግሯል። ይህ በአንድ በኩል ያለውን አሮጌ መኪና ረዘም ላለ ጊዜ እንድንጠግን ያስገድደናል፤ ስለዚህ የበያጁ እውቀት ይበልጥ ይፈለጋል። በሌላ በኩል በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር የበቀለባቸው መኪኖች በቁርጥራጭ ብረት ስም በሐራጅ ይሸጣሉ፤ ቀልጠውም ፌሮ ሆነው በአንድ ፎቅ ዓምድ ውስጥ ይቀበራሉ። ብረቱ ለሥራ መዋሉ አያስከፋም። የሚያስከፋው ማንም ሳያነበው መሄዱ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ጋር ሁለት ሁለት እየሆናችሁ፣ ሐራጁ ከመድረሱ በፊት፣ በየወረዳው የቆሙትን መዝግቡ። የሻንሲውን ቁጥር ጻፉ፤ ውፍረቱን ለኩ፤ እያንዳንዱን ጥጋኝ ፎቶግራፍ አንሡና በምን እንደ ተያያዘ አመልክቱ። ቀጥሎ የጠገኑትን ሰዎች በአክብሮት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን የምትሉኝ አላችሁ። ርእሱ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጓሮ፣ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ ተቀምጧል።